ጠብታው የማን ነው?

ተለጣፊዎቹ ሦስት ናቸው፤ በሦስቱም ላይ የታተመው የባርኮድ ቁጥር አንድ ነው። መረጃ ሰብሳቢዋ አንዱን መጠይቁ ላይ ትለጥፋለች። ሁለተኛውን ከጣት ጫፍ የተወሰደው ደም የሚያርፍበት ማጣሪያ ወረቀት ላይ ታደርጋለች። ሦስተኛው ናሙናውን ወደ አዲስ አበባ ሸኝቶ የሚሄደው ቅጽ ላይ ይለጠፋል። ደሙ ያለበት ወረቀት ላይ ስም የለም። ጣቷን የሰጠች እናት ይህን አይታ «እህቴ፣ ስሜን ሳትጽፊ የኔ መሆኑን በምን ታውቁታላችሁ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ቅኑ መልስ ይህ ነው፦ «እትዬ፣ የእርስዎ መሆኑን ማንም እንዲያውቅ አንፈልግም። ደሙ ከሰጡን መልስ ጋር እንዲገናኝ ግን ቁጥሩ ይበቃል።»

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ የኤችአይቪ ምርመራን ለመጀመሪያ ጊዜ ባካተተበት እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራው የተከናወነው በዚህ መንገድ ነበር። ለዳሰሳው ከተመረጡት 540 የቆጠራ ቦታዎች የተሰበሰቡት ጠብታዎች በየወረቀታቸው ላይ ደርቀው፣ እርጥበት ከሚመጥ ነገር ጋር ታሽገው ጉለሌ መጡ። ያኔ የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው ተቋም ላቦራቶሪ ተቀበላቸው።

ዊንጌት የሚባለውን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ያን አካባቢ ያውቀዋል። ጠዋት ረዳቶቹ «ጳውሎስ! ዊንጌት!» እያሉ ሲጣሩ ከታክሲው የሚወርደው ብዙው ሰው አስታማሚ፣ ነጭ ጋወኑን በክንዱ ላይ ያጠፈ የሕክምና ተማሪ፣ ወይም ናሙና ይዞ ከክልል የመጣ የጤና ባለሙያ ነው። ሰፈሩ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ፓስተር የሚባለው ሰፈርና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ሁሉም እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ናቸው። በአገሪቱ ውስጥ ስለ ሰው ደም ብዙ ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገር ግን ላቦራቶሪው በራሱ የሚያውቀው ትንሽ ነው። ከመመርመሪያው የሚወጣው ሰንጠረዥ በመሠረቱ ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ የባርኮድ ቁጥር፣ ሌላው ውጤት። ሴት ትሁን ወንድ፣ ከተማ ትኑር ገጠር፣ ዕድሜዋ 19 ይሁን 45፣ ትምህርት ቤት ትሂድ አትሂድ፣ አንዱም እዚያ የለም። ያ ሁሉ ያለው ከመጠይቁ በተገለበጠው ሌላ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው። ሳይንቲስቶች ሜታዳታ የሚሉት ይህን ነው፤ ስለ ናሙናው የሚናገር መረጃ፣ ከናሙናው ውጭ የተቀመጠ። ሁለቱ እስኪጣመሩ ድረስ የአገሪቱን የስርጭት መጠን እንኳ በትክክል ማስላት አይቻልም። ምክንያቱም በዳሰሳው እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ካሉ ትንንሽ ክልሎች የሚወሰደው ናሙና ከሕዝባቸው ብዛት አንጻር ከፍ ይላል፤ ይህን የሚያስተካክለው ክብደት የሚሰላው ደግሞ ከዳሰሳው የናሙና አወጣጥ ነው።

ሲጣመሩ የታየው ነገር የብዙዎችን ግምት ለወጠ። ከዚያ በፊት የአገሪቱ የኤችአይቪ ግምት ይሰላ የነበረው ለእርግዝና ክትትል ጤና ተቋም ከሚመጡ እናቶች ደም ነበር። በዚያ መንገድ ለ2005 የወጣው ግምት 3.5 በመቶ ነበር። በየቤቱ ተዞሮ የተሠራው ዳሰሳ ግን 1.4 በመቶ አገኘ፤ ከመኖሪያ ቦታ ዓምድ ጋር ሲታይ ደግሞ በከተማ 5.5፣ በገጠር 0.7 በመቶ። ያንኑ ቫይረስ የሚመለከቱ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በስምንት እጥፍ ገደማ ይራራቃሉ። መድኃኒቱ የት ይሂድ፣ ምክሩ ለማን ይድረስ፣ ገንዘቡ የት ይፍሰስ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱም የሚታየው ጠብታው ከመጠይቁ ጋር ከተገናኘ በኋላ ብቻ ነው። በኋላ ሁለቱ ምንጮች ታርቀው ለ2007 አንድ ብሔራዊ ግምት ወጣ፤ 2.1 በመቶ።

እንግዲህ እኔ ልሟገትለት የምፈልገው ነገር ይህ ነው። ሰንጠረዥን ከሰንጠረዥ ማጣመር የጸሐፊ ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ደም የቀዳው ይመሰገናል፣ ማሽኑን ያንቀሳቀሰው ይመሰገናል፣ ጽሑፉን ያሳተመው ይሾማል። በመካከል ሁለቱን ሰንጠረዥ የምታጣምረው አንዲት የኮድ መስመር ግን «ዳታውን አገናኘነው» በሚል ሐረግ ታልፋለች፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አትጠቀስም። እኔ እንደማየው ግን ሳይንሱ የሚድነውም የሚሞተውም እዚያች መስመር ላይ ነው።

ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ አንድ ቡና ቤት ውስጥ የማስተርስ ተማሪ የሆነች ወጣት ላፕቶፗን ከፍታ፣ ከእሷ ብዙ ዓመት የሚቀድም የላቦራቶሪ ባለሙያ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያግዛት አይቻለሁ። ናሙናዋ 422 ነበር። የጤና ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል፦ ስርጭቱ 50 በመቶ ነው ብለህ ስትነሣ፣ 5 በመቶ ስህተት ስትፈቅድ ቀመሩ 384 ይሰጥሃል፤ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ስትጨምርበት 422። በአገራችን የመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ይህን ያህል የሚደጋገም ቁጥር ያለ አይመስለኝም።

«ጋሼ፣ ሳላጣምራቸው 422 ነበሩ። አሁን 431 ሆኑብኝ።»

«የላቦራቶሪው ሰንጠረዥ ስንት ረድፍ አለው?»

«431።»

«እንግዲያው የመጠይቁ አይደለም ችግሩ። የተደጋገመ መለያ ፈልጊ፣ እህቴ። የደገምናቸው ናሙናዎች አሉ።»

ነበሩ። በዘጠኝ ናሙናዎች ላይ የመጀመሪያው ውጤት አጠራጣሪ ስለነበር ምርመራው ተደግሟል፤ ሁለቱም ውጤት በየረድፉ ተመዝግቧል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን አደረገ። ለእያንዳንዷ እናት የሚመሳሰል መለያ ያለው ረድፍ ፈለገ፣ ሁለት ሲያገኝ ሁለት ጊዜ ጻፋት። የስህተት መልእክት አልመጣም። ተማሪዋ የረድፎቹን ብዛት ባታይ ኖሮ ዘጠኝ ሴቶች በጥናቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ይኖሩ ነበር፤ ያውም ውጤታቸው አጠራጣሪ የነበረው።

የምትሠራበት መሣሪያ አር ይባላል። ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የተባሉ ሁለት ምሁራን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 መጨረሻ ነው። በነጻ ይገኛል። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ኤስፒኤስኤስና ስታታ የተባሉ ፕሮግራሞች ለረጅም ጊዜ ነግሠው ቆይተዋል፤ ሁለቱም ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ናቸው። ነጻ መሆኑ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ከነጻነቱ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው። በአር የተሠራ ሥራ በጽሑፍ ይቀራል። ማን ምኑን ከምኑ ጋር እንዳጣመረ መስመር በመስመር ይነበባል፤ በመዳፊት ተጎትቶ የተለጠፈ ሰንጠረዥ ግን ታሪኩን ለማንም አይናገርም።

በአር ውስጥ ቀድሞ የነበረው የማጣመሪያ ትእዛዝ መርጅ ነው። በነባሪ አሠራሩ ሁለቱም ሰንጠረዦች ላይ የተገኘውን ብቻ ያስቀራል፤ ጓደኛ ያጣውን ረድፍ ያለ አንድ ቃል ይጥለዋል። ከ422 ናሙና 389 ሲቀር ማንም አይነግርህም። ሀድሊ ዊካም እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ዲፕላየር የተባለው ጥቅል ደግሞ ሐሳቡን በየስሙ ለየው። ሌፍት ጆይን በግራ ያለውን ሰንጠረዥ ሙሉ በሙሉ ይይዛል፣ ከቀኝ ያጣውን ባዶ አድርጎ ያሳያል። ኢነር ጆይን የሁለቱን የጋራ ብቻ ይወስዳል። አንቲ ጆይን የሚባለው ደግሞ ምንም አያጣምርም፤ በሌላው ሰንጠረዥ ውስጥ ጓደኛ ያላገኙትን ብቻ ዘርዝሮ ይሰጥሃል።

ከሁሉም የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። ውጤት ያላቸው ግን መጠይቅ የሌላቸው ናሙናዎች የትኞቹ ናቸው? መጠይቅ ተሞልቶላቸው ደማቸው ያልደረሰውስ? ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይናገራል። ያልተጣመሩት ሁሉ ከአንድ ጤና ጣቢያ ከሆኑ፣ ወይም ሁሉም በአንድ ቀን የተቀዱ ከሆኑ፣ የጠፋው ሰው በአጋጣሚ አልጠፋም፤ እነሱን ጥሎ የሚሰላ መቶኛም የተዛባ ነው። ስለዚህ ተመራማሪ ከማጣመሩ በፊት ይህን ዝርዝር አውጥቶ ስልክ ቢደውል ከብዙ የስታቲስቲክስ ቀመር ይልቅ ጥናቱን ይጠቅማል።

ዲፕላየር በ2023 በወጣው 1.1.1 እትሙ የተማሪዋን ዓይነት ችግር የሚከላከል ነገር ጨመረ። ግንኙነቱ አንድ ለአንድ መሆን አለበት ብለህ አስቀድመህ ታስታውቃለህ፤ ካልሆነ ሥራው ይቆማል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ጠባይ አለው፦ ባዶ መለያን ከባዶ መለያ ጋር ያጣምራል። ተለጣፊያቸው የተላቀቀ አምስት መጠይቆችና አራት ናሙናዎች ካሉህ፣ ካልከለከልከው በቀር፣ በዓለም ላይ የሌሉ ሃያ ሰዎች ይፈጥርልሃል።

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም አገር ይደርሳል። አሁን ወደ እኛ ወደ ራሳችን እንምጣ።

ስም የሚያህል መጥፎ መለያ የለም፤ በእኛ አገር ደግሞ ይብሳል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ሰውን በሦስት ስም እንለየዋለን፤ የአባት ስም ብቻ ከተጻፈ በአንድ ቀበሌ ስንት አልማዝ ከበደ አለች! ፊደሉ ሲጨመርበት ደግሞ ኃይሌ፣ ሃይሌ፣ ሐይሌ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ድምፅ አይሰማም፤ በዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ቁጥር ብቻ ያያል፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ ለየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ፀሐይ ከጸሀይ ጋር አትጣመርም፤ ሠናይት ከሰናይት፣ ዓለሙ ከአለሙ ጋርም እንዲሁ። ገብረ ማርያም በአንዱ መዝገብ ተለያይቶ፣ በሌላው ተያይዞ፣ በሦስተኛው ገ/ማርያም ሆኖ ይጻፋል። የሀን፣ የሰን፣ የአንና የጸን መንትያዎች ወደ አንድ ፊደል የሚመልስ አጭር ኮድ ከማጣመሩ በፊት ማስኬድ ይቻላል፤ ማስኬድም ይገባል፤ ክፍተቱን አንዱ ትቶ ሌላው አስገብቶ የጻፋቸውን መዝገቦች ግን እሱም አያድናቸውም። መፍትሔው ስምን ከነጭራሹ ከዚህ ሥራ ማውጣት ነው። ሆስፒታሎቻችን ይህን ከቆየ ያውቁታል፤ ካርድ ክፍል የቆመን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት የካርድ ቁጥሩን ነው።

ቁጥርም ቢሆን አያያዙን ይፈልጋል። ወረዳ 01 በስፕሬድሺት ሲከፈት ዜሮው ይረግፍና 1 ይሆናል፤ በሌላው ሰንጠረዥ እንደ ጽሑፍ የተቀመጠው 01 እንግዲህ ጓደኛ የለውም። ወረዳ 01 ደግሞ በየክፍለ ከተማው አለ። በወረዳ ቁጥር ብቻ ያጣመረ ሰው ጉለሌን ከቦሌ ጋር ይቀላቅላል። ስለዚህ መለያው ከአንድ ዓምድ በላይ መሆን ይኖርበታል፤ ክፍለ ከተማና ወረዳ አብረው። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው የኤችአይቪ ውጤት ፋይል ከሴቶቹ ፋይል ጋር የሚገናኘው በሦስት ቁጥሮች ነው፦ የቆጠራ ቦታው ቁጥር፣ የቤቱ ቁጥር፣ በቤተሰቡ ዝርዝር ውስጥ የሴትዮዋ ተራ ቁጥር። ከሦስቱ አንዱን የረሳ ሰው ሚስትን ከባሏ እናት ውጤት ጋር ሊያገናኝ ይችላል።

የዘመን አቆጣጠራችን ደግሞ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በመስክ የተጀመረው ጥር 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያኑ ጥር 18 ቀን 2016። ይህን ቀን 9/5/2008 ብሎ ለአር የሰጠ ሰው ግንቦት 9 ቀን 2008 እንደ ፈረንጅ ይነበብለታል። ትክክለኛ የሚመስል ቀን ስለሆነ ምንም ተቃውሞ አይገጥመውም፤ ዳሰሳው ግን ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተመልሷል። የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ፋይል ከሌላ ምንጭ ጋር፣ ለምሳሌ ከሳተላይት የዝናብ መረጃ ጋር፣ የሚያጣምሩ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ነው። በፋይሉ ውስጥ ወራት ከ1900 ጀምሮ በተከታታይ ይቆጠራሉ፤ የአብዛኞቹ አገሮች ቆጠራ በአውሮፓውያን ዘመን ሲሆን የእኛ ግን በራሳችን ነው። ለማስተካከል 92 ይደመራል፤ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር መሆኑ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው የመስከረምን አበባ ከጥር ፀሐይ ጋር አጋብቶ፣ «ዝናብ በሕፃናት ተቅማጥ ላይ ተጽዕኖ የለውም» ብሎ ሊያሳትም ይችላል። ጳጉሜን ደግሞ 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ዓምድ ውስጥ ጭራሽ ቦታ የላትም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ነርሷ ደም የቀዳችው 3:00 ሰዓት ብላ ጻፈች፤ ማቀዝቀዣው ያለበት ክፍል ደግሞ 10:00 ብሎ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር መዘገበ። ናሙናው የቆየው አንድ ሰዓት ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ሰባት ሰዓት ይላል፤ ናሙናው ያለ ጥፋቱ ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል።

የቦታ ስሞቻችን ደግሞ አይረጉም። ክልሎች በቁጥር ይጠሩ በነበረበት ዘመን አዲስ አበባ ክልል 14 ነበረች። ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2023 ክልል ሆነዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥም ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ተጨምሯል። የ2016ን ዳሰሳ ከዛሬ የጤና ተቋማት ዝርዝር ጋር በክልል ስም ለማጣመር የሞከረ ሰው የቀድሞው የደቡብ ክልል ሕዝብ በሙሉ ባዶ ሆኖ ይመጣለታል። የትኛው ዞን ከየት ወደ የት እንደ ሄደ የሚያሳይ ሦስተኛ ሰንጠረዥ በመካከል ያስፈልጋል። ይህን ሰንጠረዥ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው፣ በየሌሊቱ፣ ከባዶ መሥራቱ ያሳዝነኛል። አንድ የመንግሥት ተቋም አንድ ጊዜ ሠርቶ፣ ቀን ጽፎበት፣ ለሁሉም ክፍት ቢያደርገው የስንት ሰው ድካም ይቀር ነበር።

በጂን ምርምር ውስጥ ደግሞ የሰንጠረዡ መልክ ይገለበጣል፤ ጂኖች በረድፍ፣ ናሙናዎች በዓምድ ይሆናሉ፣ የናሙናዎቹ ማንነት በሌላ ሰንጠረዥ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቅደም ተከተል ብቻ ከሆነ አንድ ሰው አንዱን በፊደል ተራ ባስተካከለ ጊዜ ሁሉም ነገር በዝምታ ይናዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ባዮኮንዳክተር የተባለው የአር ጥቅሎች ስብስብ ለዚህ አንድ መያዣ አዘጋጅቷል፦ ከመለኪያው ሰንጠረዥ አንድ ናሙና ስትቀንስ ከማንነቱ ሰንጠረዥም አብሮ ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሊለያዩ አይችሉም።

ይህ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው የዱክ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ ያስታውሳል። በ2006 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ከዕጢው የጂን እንቅስቃሴ ተነሥቶ የትኛው የካንሰር መድኃኒት ለየትኛው ሕመምተኛ እንደሚሠራ መተንበይ ይቻላል አለ። በሂዩስተን ኤምዲ አንደርሰን ማዕከል የሚሠሩት ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምስ ውጤቱን ለመድገም ቁጭ ብለው መረጃውን መረመሩ። ካገኟቸው ስህተቶች አንዱ የጂኖቹ ስም ዝርዝር በአንድ ረድፍ መንሸራተቱ ነበር፤ ቁጥሩ የአንዱ ጂን ሲሆን ስሙ የጎረቤቱ ሆኗል። በሌላ ቦታ ደግሞ መድኃኒቱ የሚሠራላቸውና የማይሠራላቸው ናሙናዎች መለያ ተገላብጧል። ግኝታቸውን በ2009 አሳተሙ። በዚያ መካከል ግን በሕሙማን ላይ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ሙከራዎቹ በ2010 ተቋረጡ፤ የ2006ቱ ጽሑፍ በ2011 ተሰረዘ። የጥናቱ መሪ ላይ በኋላ ሌላ ከባድ ጥፋትም ተረጋግጧል፤ እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ከጥፋቱ ይልቅ ያቺ አንዲት ረድፍ ናት። ማንም ሳይዋሽ፣ በመንሸራተት ብቻ፣ ካንሰር የያዘው ሰው የማይጠቅመውን መድኃኒት እንዲወስድ ልታደርግ ትችላለች።

ማጣመር ሌላ ፊትም አለው። ሁለት ሰንጠረዥ በተገናኘ ቁጥር ሰውየው እየተገለጠ ይመጣል። ዕድሜዋ 34፣ ሙያዋ መምህርት፣ የልጆቿ ቁጥር ሦስት፣ መኖሪያዋ አንድ የታወቀ ወረዳ፤ ስም ባይኖርም ጎረቤት ያውቃታል። ከዚህ ጋር የኤችአይቪ ውጤት ሲገናኝ የሚሆነውን አስቡ። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው አሠራር ይህን በቁም ነገር ይዞታል። የላቦራቶሪው ውጤት ከመጠይቁ ጋር የሚጣመረው የመጠይቁ መረጃ ተጣርቶ ካለቀ፣ ማንነት የሚያሳየው የመጠይቁ ገጽ ከተወገደ፣ የቆጠራ ቦታዎቹና የቤቶቹ ቁጥር በዘፈቀደ ከተቀየረ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠብታው የማን እንደሆነ በኋላ ተመልሶ ማግኘት የሚችል ሰው አይኖርም፤ ላቦራቶሪውም ቢሆን። ዋጋም አለው። ለዚያች እናት ውጤቷን መንገር አይቻልም ነበር፤ በ2005 ለተሳታፊዎቹ ይደረግ የነበረው በነጻ ወደሚመረመሩበት ቦታ መላክ ነበር።

ቦታም እንዲሁ ይደበቃል። የከተማ የቆጠራ ቦታ ነጥብ በካርታ ላይ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ የገጠሩ እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሩ 1 በመቶው ደግሞ እስከ 10 ኪሎ ሜትር ሆን ተብሎ ይገፋል። ከዊንጌት የተነሣ ነጥብ ሌላ ሰፈር ሊያርፍ ይችላል። በሜዳማ አገር ይህ ብዙም አይጎዳም፤ በእኛ ተራሮች መካከል ግን 5 ኪሎ ሜትር ማለት ከደጋ ወደ ቆላ መውረድ ሊሆን ይችላል፣ ወባ ደግሞ በአመዛኙ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ በሽታ ነው። ስለዚህ ነጥቡ ያረፈበትን አንድ ቦታ ከፍታ ወስዶ ማጣመር ስህተት ነው፤ በዙሪያው ያለውን አካባቢ አማካይ መውሰድ ይሻላል። ሕጉም አሁን ከዚህ ጥንቃቄ ጎን ቆሟል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። አንድ ጥናት የሰውን መረጃ ከሌላ ምንጭ ጋር የሚያጣምር ከሆነ ይህ በፈቃድ ቅጹ ላይ ተጽፎ ለተሳታፊው በገዛ ቋንቋው ሊነበብለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ደም ለመስጠት የተስማማ ሰው ደሙ ከምን ጋር እንደሚገናኝ የማወቅ መብት አለው።

በምላሹስ ምን ያገኛል? እዚሁ ጉለሌ ያለው ኢንስቲትዩት ተመራማሪ ስንደው መካሻ ፈለቀ ከአገር ውስጥና ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ ያወጡት ጥናት አንድ መልስ ነው። በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ 12,572 ሰዎች ተሳትፈዋል። በጥናቱ ጊዜ በየጤና ጣቢያው ለወባ ይሠራበት የነበረው ፈጣን መመርመሪያ ፋልሲፓረም የተባለው ተውሳክ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ይፈልጋል። ተውሳኩ ያን ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ከጣለ መመርመሪያው «ወባ የለም» ይላል፤ ሕመምተኛው ትኩሳቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ለማየት አንድ ሰንጠረዥ አይበቃም። የጤና ጣቢያው ሰንጠረዥ ብቻውን «ነጌቲቭ» ይላል፤ ስህተት እንደሆነ የሚያሳይ ምንም ነገር የለውም። የላቦራቶሪው ሰንጠረዥ ብቻውን «ተውሳክ አለ፣ ጂኑ የለም» ይላል፤ ያ ሰው ጤና ጣቢያ ምን እንደተባለ አያውቅም። የትኛው ወረዳ እንደሆነ የሚናገረው ደግሞ ሦስተኛው ነው። በየናሙናው መለያ ሦስቱ አንድ ረድፍ ላይ ሲገናኙ ነው ተውሳክ እያለበት ነጻ ነህ የተባለው ሰው የታየው። ጥናቱ እንዲህ ያለው መመርመሪያ በጂኑ መጥፋት ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶውን እንደሚስት ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በዚህ ምክንያት የሚሳተው ከ5 በመቶ በላይ ከሆነ መመርመሪያው በሌላ ዓይነት ይቀየር የሚል ነው።